ትንሽ እየተጫወቱ መሻሻል፦ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2ን በአግባቡ መማር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በጀመዓችን መጽሔት ላይ ስለ ጌም መጻፌ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። እኔም ከመጻፌ በፊት አስቤበታለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ማታ ማታ በዶርማችን ኮሪደር የሚያልፍ ሰው ከሆነ ክፍል ውስጥ የሰይፍና የፈረስ ኮቴ ድምፅ መስማቱ አይቀርም። ጌም ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ዝርዝር ለኡስታዞቻችን እተዋለሁ፤ ፈትዋ መስጠት የኔ ቦታ አይደለም። ቁማር ከገባበት ወይም ሰላት ካስረሳ ግን መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው አስቀድሞም የሚጫወተውን ሰው ነው። የምመክረው ብዙ እንዲጫወት አይደለም፤ ትንሽ ተጫውቶ እንዲሻሻል ነው።

ምክንያቱ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ሰሞን ሌሊት እስከ 8 ሰዓት እጫወት ነበር። ስሸነፍ «እስቲ አንዴ ልድገም» እላለሁ፤ ሳሸንፍም እደግማለሁ። በዚህ ሁኔታ ሦስት ቀን በተከታታይ ፈጅር አመለጠኝ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ውዱእ ሳደርግ አንድ ነገር ቆጨኝ፦ ያን ሁሉ ሰዓት ሰጥቼው ጨዋታውም እንኳ አልተሻሻለልኝም። ሰላቴንም አጣሁ፣ ጌሙንም አልቻልኩበትም። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ከአልጋዬ በላይ የሚተኛው የዶርም ጓደኛዬ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ቅዳሜ ከዙህር በኋላ፣ አንድ ጨዋታ ይጫወት ነበር። ሁልጊዜም ያሸንፈኛል። አንድ ቀን ከተሸነፍኩ በኋላ «እጅህ ፈጣን ስለሆነ እኮ ነው» አልኩት። ሳቀና የተቀዳውን ጨዋታ ከፍቶ የኔን ከተማ አሳየኝ። «አኺ፣ ጦርህን ተወው። ይሄን ቤት እየው፤ ተኝቷል» አለኝ። የጠቆመው የኔን ታውን ሴንተር ነበር። ሁለት ደቂቃ ያህል አንድም ሰው ሳያወጣ ቆሟል። እኔ በዚያ ሰዓት በካርታው ማዶ አንዲት ፈረስ ይዤ የሱን በግ አራጆች ሳባርር ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርኩትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ። ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ብዙ የተዋጋ ሳይሆን ብዙም ሥራ ያልፈታ ነው።

ለማያውቁት፦ ጨዋታው ምንድን ነው?

ሪል ታይም ስትራቴጂ የሚባሉት ጌሞች ከቼዝ የሚለዩት ተራ ስለሌላቸው ነው። እናንተ ስታስቡ ተጋጣሚው አይጠብቃችሁም። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ሀብት ትሰበስባላችሁ፣ ትገነባላችሁ፣ ጦር ታወጣላችሁ፤ ሰዓቱም ለሁለታችሁም እኩል ይሮጣል።

ከነዚህ ውስጥ በብዛት ከሚታወቁት አንዱ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን የተባለው የታደሰው እትም በ2019 ወጣ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሰላሁዲን አል-አዩቢ ዘመቻ አለበት። በ2015 የተጨመረው ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ ደግሞ ኢትዮጵያውያንን፣ ማሊዎችንና በርበሮችን አስገብቷል፤ የበርበሮቹ ዘመቻ በጧሪቅ ኢብን ዚያድ ታሪክ ላይ የተሠራ ነው። የኢትዮጵያውያን ልዩ ወታደር በሾተል የሚዋጋ ሲሆን ስሙም ሾተል ዋሪየር ነው።

በጨዋታው አራት ዓይነት ሀብት አለ፦ ምግብ፣ እንጨት፣ ወርቅና ድንጋይ። አራት ዘመንም አለ፦ ዳርክ ኤጅ፣ ፊውዳል ኤጅ፣ ካስል ኤጅና ኢምፔሪያል ኤጅ። ሀብት የሚሰበስቡትና የሚገነቡት ሠራተኞች ቪሌጀር ይባላሉ፤ የሚወጡትም ታውን ሴንተር ከሚባለው ዋና ሕንፃ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የዲፊኒቲቭ ኤዲሽን ናቸው።

አንደኛ፦ ታውን ሴንተሩ አይተኛ

አንድ ቪሌጀር 50 ምግብ ያስወጣል፤ ለመውጣትም 25 ሰከንድ ይፈጅበታል። አንድ ታውን ሴንተር በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በ10 ደቂቃ፣ ማለትም በ600 ሰከንድ፣ ከ24 በላይ ቪሌጀር ማውጣት አይቻልም። ስትጀምሩ ባሏችሁ 3 ላይ ሲደመር 27 ይሆናል። የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን በአንድ ታውን ሴንተር ከዚህ ጣሪያ አያልፍም። ልዩነቱ እሱ ወደ ጣሪያው መጠጋቱ፣ እኛ ግን 17 እና 18 ላይ መቅረታችን ነው።

እስቲ እናስላው። በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ ታውን ሴንተራችሁ እዚህ 20፣ እዚያ 30 ሰከንድ እያለ በጠቅላላው 100 ሰከንድ ቢተኛ 4 ቪሌጀር ቀረባችሁ ማለት ነው። አንድ ቪሌጀር በደቂቃ ወደ 20 የሚጠጋ ሀብት ይሰበስባል። አራቱ በሚቀጥለው 20 ደቂቃ 1600 ያህል ሊያመጡላችሁ ይችሉ ነበር። አንድ ናይት የሚባለው ከባድ ፈረሰኛ 60 ምግብና 75 ወርቅ፣ በድምሩ 135 ያስወጣል። ስለዚህ ያ የማይታወቅ 100 ሰከንድ ከአሥር በላይ ፈረሰኛ በልቷል። በ30ኛው ደቂቃ ስትሸነፉ «ጦሩ በዛብኝ» ትላላችሁ፤ ሽንፈቱ ግን የተጀመረው በ5ኛው ደቂቃ ነው።

ታውን ሴንተር የሚተኛው በሦስት ምክንያት ነው። አንዱ መርሳት ነው። ሁለተኛው ምግብ ማለቅ ነው፤ ይህ ማለት ከመጀመሪያው ምግብ ላይ ያሰማራችሁት ሰው አንሷል። ሦስተኛው የቤት እጥረት ነው። አንድ ቤት 25 እንጨት ያስወጣል፤ የሚይዘውም 5 ሰው ብቻ ነው። አምስት ሰው ለማውጣት 125 ሰከንድ ስለሚበቃ፣ በየሁለት ደቂቃው አንድ ቤት መሠራት አለበት። ሕዝቡ ከሞላ በኋላ ሳይሆን ሁለት ሰው ሲቀረው ጀምሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ታውን ሴንተሩ እንዳይተኛ ብላችሁ አሥር ቪሌጀር በአንዴ አትሰልፉ። ጨዋታው ዋጋውን የሚወስደው ሰልፍ ሲያዝ ነው። አሥር ቪሌጀር ስትሰልፉ 500 ምግብ ወዲያው ይቆረጣል፤ 500 ምግብ ደግሞ ወደ ፊውዳል ኤጅ መግቢያው ሙሉ ዋጋ ነው። አንድ በሥራ ላይ፣ አንድ በሰልፍ ይበቃል።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቅደም ተከተል

ጨዋታው ሲጀመር 3 ቪሌጀር፣ አንድ ቃኚ ፈረሰኛ፣ 200 ምግብ፣ 200 እንጨት፣ 100 ወርቅና 200 ድንጋይ ይኖራችኋል። ቻይናዎችን ከመሳሰሉት ጥቂቶች በቀር ለሁሉም ሕዝብ ይህ ተመሳሳይ ነው። ዐረቢያ በሚባለው የተለመደ ካርታ ላይ በአቅራቢያችሁ 8 በግ፣ 2 ከርከሮ፣ የቤሪ ቁጥቋጦና አጋዘን ይገኛል። ማንም ጀማሪ ሊይዘው የሚችል ቅደም ተከተል ይኸውና፦

ወዲያው 4 ቪሌጀር እዘዙ፤ 200ው ምግብ ለአራቱ ልክ ነው። እዚህ ላይ ሌላ የሚገዛ ነገር ስለሌለ መሰለፉ አይጎዳም። ሦስቱ ነባር ቪሌጀሮች ሁለት ቤት ይሥሩ። ቃኚው በከተማችሁ ዙሪያ እየዞረ በጎቹን ያሰባስብ።

የመጀመሪያዎቹ 6 ቪሌጀሮች በግ ላይ ይሁኑ። በጉ የሚታረደው ታውን ሴንተሩ ሥር ነው፤ ምግቡን ለማስገባት እንዳይመላለሱ። በአንድ ጊዜ አንድ በግ ብቻ እረዱ፤ የታረደ በግ ቆይቶ ይበላሻል።

ቀጣዮቹ 4 ወደ እንጨት ይሂዱ፤ ላምበር ካምፕም ይሥሩ።

ቀጣዩ አንድ ከርከሮውን ወግቶ ወደ ታውን ሴንተሩ እየሮጠ ያምጣው። እዚያ ያሉት ተረባርበው ይገድሉታል። ከርከሮ 340 ምግብ አለው፣ በግ ግን 100 ብቻ ነው። ከርከሮ የምናርደው በስክሪን ላይ ብቻ እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም! ይህ ለጀማሪ የሚያስፈራ እርምጃ ነው፤ አንድ ሁለቴ ቪሌጀራችሁ ይሞትባችኋል። ያኔ ሉም የምትባለውን ማሻሻያ በ50 ወርቅ ግዟት፤ የቪሌጀሩን ጉልበት ከ25 ወደ 40 ታደርሳለች።

ቀጣዮቹ 4 ቤሪ ላይ ይሁኑ፤ አጠገቡ ሚል ይሥሩበት። ከዚያ በኋላ የሚወጡት ሁለተኛውን ከርከሮ እያመጡ ታውን ሴንተሩ ሥር ያለውን ምግብ ያጠናክሩ፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ወደ እንጨት ይሂዱ።

21 ቪሌጀር ሲሞላ 500 ምግብ ይኖራችኋል፤ ወደ ፊውዳል ኤጅ ተሻገሩ። ላምበር ካምፑና ሚሉ የሚጠየቁትን ሁለት ሕንፃዎች ያሟሉላችኋል። ሒሳቡን ብትሠሩት 18 አዲስ ቪሌጀር በ25 ሰከንድ ሲባዛ 450 ሰከንድ ነው፤ ሉም 25 ስትጨምር 475፣ ማለትም 8 ደቂቃ ሊሞላ 5 ሰከንድ ሲቀረው ነው። ሽግግሩ ራሱ 130 ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ በ10ኛው ደቂቃ ገደማ ፊውዳል መሆን አለባችሁ። 13 ደቂቃ ከፈጀባችሁ ያ ሦስት ደቂቃ የት እንደጠፋ ታውቃላችሁ፤ ታውን ሴንተሩ ተኝቶ ነበር።

የተደበቀ ሥራ ፈትነትም አለ፤ እሱም መንገድ ነው። ቪሌጀር በአንድ ጊዜ የሚሸከመው 10 እንጨት ነው። 10 ለመቁረጥ ወደ 25 ሰከንድ ይፈጅበታል። ላምበር ካምፑ ከዛፉ አሥር ካሬ ቢርቅ፣ ደርሶ መልሱ ሌላ 25 ሰከንድ ያህል ነው። ሰውዬው ሲለፋ ይታያል፤ የዕድሜውን ግማሽ ግን የሚያሳልፈው በመንገድ ላይ ነው። ዛፉ እየተቆረጠ ሲርቅ አዲስ ላምበር ካምፕ ሥሩ፤ 100 እንጨት ቢያስወጣም ቶሎ ይመልሳል።

ሦስተኛ፦ የተከማቸ ሀብት ሀብት አይደለም

ብዙዎቻችን ከላይ ያለው ቁጥር 1000፣ 1500 ሲል ደስ ይለናል። በዚህ ጨዋታ ግን ሳይሠራበት የተቀመጠ እንጨት ገና ከዛፉ ላይ እንዳለ እንጨት ነው። 1000 እንጨት ካላችሁ ያልተሠሩ አሥራ ስድስት እርሻዎች አሏችሁ ማለት ነው፤ አንድ እርሻ 60 ነውና።

ቁጥሩ ከፍ ሲል ራሳችሁን ጠይቁ፦ የጎደለው ማውጫ ሕንፃ ነው ወይስ የሰው ድልድል? ምግብና ወርቅ ከተረፈ ሌላ የፈረስ ቤት ጨምሩ። እንጨት ተርፎ ምግብ ካጠረ እርሻ ሥሩ፤ ካስፈለገም ጥቂት ሰው ከዛፍ ወደ ምግብ አዙሩ። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሕዝቡ ከበዛ በትክክል እየተጫወታችሁ ነው።

አራተኛ፦ ማን ማንን ይችላል?

በፊውዳል ኤጅ ውጊያው በአመዛኙ በአራት ወታደር ዙሪያ ነው። ፈረሰኛ ቀስተኛን ደርሶ ይመታል። ጦረኛ ፈረሰኛን ያቆማል። ቀስተኛ ጦረኛውን ሳይደርስበት ይጨርሰዋል። ስከርሚሸር የሚባለው ጦር ወርዋሪ ደግሞ ቀስተኛን ያከሽፋል።

እዚህ ላይ ዋጋውን ልብ በሉ። ጦረኛ 35 ምግብና 25 እንጨት ነው፤ ስከርሚሸር 25 ምግብና 35 እንጨት ነው። ሁለቱም ወርቅ አይነኩም። ቀስተኛ ግን 25 እንጨትና 45 ወርቅ፣ ናይት ደግሞ 75 ወርቅ ይወስዳል። ተጋጣሚያችሁ ወርቁን ያፈሰሰበትን ጦር በእንጨትና በምግብ መመከት ትችላላችሁ፤ የሚያወጣውን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ።

ለዚህ ነው ቃኚው የሚያስፈልገው። በጎቹን ካሰባሰበ በኋላ ወደ ተጋጣሚው ከተማ ላኩት። ሁለት ነገር ብቻ ይይላችሁ፦ የትኛውን የጦር ሕንፃ እየሠራ ነው? ወርቅ ላይ ሰው አሰማርቷል? የፈረስ ቤት ካያችሁ ጦረኛ፣ የቀስተኛ ቤት ካያችሁ ስከርሚሸር አዘጋጁ። እኔ ድሮ ቃኚዬን በበግ አራጆች ላይ እያዋጋሁ አባክነው ነበር። ዋጋው በሚያመጣው ወሬ እንጂ በሰይፉ አይደለም።

ለጀማሪ የትኛው ሕዝብ ይሻላል ለሚሉኝ፣ ኢትዮጵያውያንን ስመክር ለአገር በማድላት ብቻ አይደለም። በየዘመኑ ሽግግር 100 ምግብና 100 ወርቅ በነጻ ያገኛሉ፤ ቀስተኞቻቸው ከሌላው ይልቅ 18 በመቶ ፈጥነው ይተኩሳሉ፤ ጦረኛን ወደ ፓይክማን የሚያሳድገው ማሻሻያም በነጻ ይመጣላቸዋል። ስህተትን የሚሸከም ሕዝብ ነው።

አምስተኛ፦ ካስል ኤጅ ሲደርስ

ወደ ካስል ኤጅ መግቢያው 800 ምግብና 200 ወርቅ ነው። እዚህ ስትደርሱ ተጨማሪ ታውን ሴንተር መሥራት ይፈቀዳል፤ አንዱ 275 እንጨትና 100 ድንጋይ ነው። ስትጀምሩ የተሰጣችሁ 200 ድንጋይ ልክ ሁለት ታውን ሴንተር ይሠራል፤ ስለዚህ በችኮላ በማማ ላይ አትጨርሱት። ሦስት ታውን ሴንተር ሲኖራችሁ በየ25 ሰከንዱ አንድ ሳይሆን ሦስት ቪሌጀር ይወጣል። ብዙ ጀማሪ ካስል ኤጅ ሲደርስ ሁሉን ትቶ ወደ ጦር ይሮጣል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በእጥፍ ሕዝብ ይበለጣል።

ሕዝቡ ሲበዛ ሁሉንም በማውስ እየጠቆሙ ማዳረስ ስለማይቻል ጥቂት ቁልፎችን መልመድ ግድ ነው። ኤች ስትጫኑ ታውን ሴንተሩ ይመረጣል፤ ቀጥሎ ኪው ስትጫኑ ቪሌጀር ይታዘዛል። የነጥብ ቁልፍ ሥራ የፈታ ቪሌጀር ፈልጎ ያመጣላችኋል። ኮንትሮልን ከቁጥር ጋር ስትጫኑ የመረጣችሁት ጦር በዚያ ቁጥር ይመዘገባል፤ በኋላ ቁጥሩን ብቻ መጫን ነው። ከሁሉ በላይ ልማድ አድርጉት፦ ውጊያ ላይም ሆናችሁ በየ20 እና 25 ሰከንዱ ኤች፣ ኪው። 

እንዴት እንለማመድ?

ሁለት ዓይነት አጠናን ለምደን ነው ያደግነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ብዙዎቻችን ለፈተና አንድ ሌሊት አድረን ሁሉንም በአንዴ መዋጥ ለምደናል። መድረሳ ላይ ግን ሌላ ነበር። ኡስታዛችን አዲስ ነገር የሚሰጡን የትላንቱን ሳንሳሳት ስናሰማ ብቻ ነበር። ስንሳሳት ሙሉውን ገጽ አያስደግሙንም፤ የተሳሳትንበትን አያ ብቻ እስኪስተካከል ደጋግመን እንድንቀራ ያዙናል። በቀን የሚወስደው ጊዜ ትንሽ ነበር፤ የተያዘው ግን ዛሬም አልጠፋም።

ይህን ጌም ሌሊት አድሬ ስማር ያልገባኝ በመድረሳው መንገድ ስሄድ ገባኝ። ደርሱ ይኸውና፦

በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ውጊያ 10 ደቂቃ ብቻ ተጫወቱ። ከቀላል ኮምፒውተር ጋር ጀምሩና ፊውዳል ስትደርሱ አቁሙ። ግባችሁ አንድ ነው፦ ታውን ሴንተሩ እንዳይተኛ። ስንት ቪሌጀር እንዳላችሁና በስንተኛው ደቂቃ እንደተሻገራችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

በሁለተኛው ሳምንት ከርከሮ ማምጣትንና ቤት ቀድሞ መሥራትን ጨምሩ። ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን ያላችሁ አርት ኦፍ ዋር የተባሉትን የልምምድ ተልእኮዎች ሞክሩ፤ የኢኮኖሚውን አጀማመር ለብቻው ያስተምራሉ፤ እንደ ውጤታችሁም የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ሜዳሊያ ይሰጣሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሙሉ ጨዋታ ከሞደሬት ደረጃ ኮምፒውተር ጋር ተጫወቱ። ካሸነፋችሁ ወደ ሃርድ እለፉ።

ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የተቀዳውን ክፈቱ። ውጊያውን አትመልከቱ፤ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ብቻ እያፈጠናችሁ ታውን ሴንተሩ የተኛበትን ሰከንድ ደምሩ። ከዚያ አንድ ስህተት ምረጡ፤ የሚቀጥለው ጨዋታ የዚያ ስህተት ማረሚያ ይሁን። አምስት ስህተት በአንዴ ለማረም የተነሳ ሰው አንዱንም አያርምም። ከተቻለ ደግሞ የሚበልጣችሁ ሰው አብሯችሁ ይየው። የራስን ቂርኣት ራስ ማረም እንደማይቻል ሁሉ፣ የራስን የተኛ ከተማም ሌላ ሰው ነው ቶሎ የሚያየው።

ሰዓቱን በተመለከተ

አንድ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ መሐል ላይ ትቶ መነሳት ደግሞ ተጋጣሚን መበደል ነው። ስለዚህ ውሳኔው መወሰድ ያለበት ከመጀመሩ በፊት ነው። ከመግሪብ እስከ ኢሻእ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት እምብዛም ስለማይበልጥ በዚያ መሐል አንጀምር። ከኢሻእ በኋላ የተጀመረ ደግሞ ፈጅርን ይበላል፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዙህር እስከ ዐስር ያለው የቅዳሜ ሰዓት ሰፊ ነው፤ ጀማዓም ሳያመልጠን አንድ ጨዋታና የተቀዳውን ማየት ያስችላል።

በዶርማችን ሦስት ስምምነት አድርገናል። አንደኛ፣ የተሸነፈ ሰው በዚያው ቀን አይደግምም። ሽንፈት ሲያናድድ የሚጀመር ጨዋታ ለመማር አይደለም፣ ለመበቀል ነው። ሁለተኛ፣ አዛን ከተሰማ ማንም ኤፍ 3 ተጭኖ ማቆም ይችላል፤ ጨዋታው ለሁሉም ይቆማል፣ ሁላችንም እንነሳለን፤ ማንም «ጦሬን ላስገባና» አይልም። ሦስተኛ፣ በፈተና ሰሞን ጌሙ ከላፕቶፑ ይጠፋል። ጌሙን መልሶ መጫን ሰዓት ስለሚወስድ ማጥፋቱ ራሱ ይከለክላል።

በመጨረሻ እውነቱን ልንገራችሁ። ያን የዶርም ጓደኛዬን ዛሬም ከአራት ጨዋታ አንዱን ባሸንፈው ነው። ፊውዳል የምደርሰው ግን በ14 ሳይሆን በ10 ደቂቃ ተኩል ነው፤ የምጫወተውም በሳምንት አንዴ ነው። ጨዋታውን ስማር የማላውቀውን የራሴን ነገር አየሁ። የጠፋብኝ ጊዜ በአንዴ አልጠፋም፤ እንደ ታውን ሴንተሩ እዚህ 20፣ እዚያ 30 ሰከንድ እያለ ነው የሄደው። ስለ ጤናና ስለ ትርፍ ጊዜ የተነገረውን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ እኔ ሒሳቡ የገባኝ ግን 100 ሰከንድ አሥር ፈረሰኛ ሲበላብኝ ካየሁ በኋላ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ፦ 10 ደቂቃ ተጫወቱ፣ አቁሙ፣ ታውን ሴንተራችሁ የተኛበትን ሰከንድ ቁጠሩ። ቁጥሩን ለጓደኛችሁ ንገሩት። ከዚያ ላፕቶፑን ዝጉና ተኙ፤ ፈጅር ላይ በመስጂድ እንገናኝ፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።